አንድ ምድጃ ብቻ የቀረው ስታዲየም

ውድ አንባቢዎቼ፣ ወደ ቁም ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ የሚያሳፍር ነገር ሹክ ልበላችሁ፤ ከዚህ ገጽ እንዳይወጣ አደራ። ባለፈው እሑድ ማለዳ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ለማስቀደስ ስወጣ፣ ገመድ ላይ ያደረውን ነጠላዬን በጨለማ ሳብ አድርጌ ደረብኩና ሄድኩ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር መስታወት እንኳ አላየሁም። ቅዳሴው ተጋምሶ ሲነጋጋ ከኋላዬ የቆመች የማላውቃት ሴት ትከሻዬን ዳሰስ አድርጋ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ» አለችኝ። ዘወር ብዬ ሳይ ነጠላዬ ከትከሻ እስከ ወገብ ጥቀርሻ ለብሷል። ምን ልበል? ቅዳሴ መሀል ቆሜ «ኧረ ሰው አልሞተብኝም» እያልኩ ላስረዳ? «አሜን፣ አንቺንም ያጽናሽ» ብዬ ፊቴን ወደ ቅዳሴው መለስኩ። መልሴ ሐዘኔን አከበደው መሰለኝ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ሁሉ ከበቡኝ። አንዲት እናት እጄን ይዘው «የቅርብ ነው፣ ልጄ?» ሲሉኝ፣ ጨንቆኝ «አዎ እማማ፣ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ነው» ብዬ ጭራሽ አስለቀስኳቸው።

እንግዲህ ያዘኑልኝን ሰዎች እንዲህ ማታለል ስለማይገባኝ፣ ጥቁር ያለበሰኝ ማን እንደሆነ በይፋ ልንገራቸው ብዬ የሚከተለውን ደብዳቤ ጻፍኩ። ደብዳቤው ለአንድ ትልቅ ሰው ነው። እናንተ ግን አንገታችሁን አስግጋችሁ በትከሻዬ በኩል አንብቡት።

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ዓባይነህ
የአጥቢያ ኮከብ ስታዲየም የአረንጓዴ ልማት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከእግር ጥፍርዎ እስከ ራስ ፀጉርዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ እንደምን አሉ? በተለይ ሳንባዎ እንደምን ነው? ቢሮዎ ከሜዳው ወዲያ ማዶ፣ ነፋሱ ከሚነፍስበት በተቃራኒ በኩል መሠራቱን ስለማውቅ ሳንባዎ እንደ ሕፃን ሳንባ ንጹህ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ፈጣሪ ያንኑ ያቆይልዎ። የእኛን ከጠየቁ ግን፣ ማታ ማታ ትንሽ ከማሳል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የአፍንጫችንን ጥቀርሻ ከመጥረግ በቀር ደህና ነን።

እኔ ሰብለወንጌል እባላለሁ። በዚህ መጽሔት ላይ የሰፈር ወሬ የምጽፈው ሴት ነኝ፤ ክቡርነትዎ ባያነቡኝ እንኳ ጸሐፊዎ እንደምታነበኝ አጫውታኛለች። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከስታዲየምዎ አጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ በቆመው ሕንፃ ላይ ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቅርቡ በስታዲየሙ ዋና በር ላይ ያሰቀሉት፣ ከኛ ሕንፃ በረንዳ ሆኖ ያለ መነጽር የሚነበበው ባነር ነው። ባነሩ በአረንጓዴ ፊደል «ከጭስ ነፃ ስታዲየም ለመሆን አንድ ምድጃ ብቻ ቀርቶናል!» ይላል።

ሰፈሩ ሁሉ ሲያነበው መጀመሪያ ተገረመ፣ ቀጥሎ አጨበጨበ፣ ከዚያ ግን ምድጃው የማን እንደሆነ ሲገባው ማጨብጨቡን አቆመ። ምድጃው የሀሚዳ ነው።

ክቡርነትዎ የሚያውቁት ምድጃዋን እንጂ ሴትዮዋን ስላልሆነ ላስተዋውቅዎ። ሀሚዳ ከወሎ በሙሽርነት መጥታ፣ ባሏ ካረፈ ወዲህ ሁለት ልጆቿን በሻይና በሳምቡሳ የምታሳድግ፣ በእኛ ሕንፃ ምድር ቤት የምትኖር ጎረቤታችን ናት። ቅርንፉድና ቀረፋ የገባበት ሻይዋን ከሜክሲኮ አደባባይ ድረስ እየመጡ የሚጠጡ የባንክ ሠራተኞች አሉ። ሜዳው ገና አቧራ ሳለ፣ ልጆች ድንጋይ ጎል አድርገው ሲጫወቱ፣ እሷ እዚያው ጥግ ላይ ከሰሏን ታራግብ ነበር። በኋላ ስታዲየም ተባለና አጥሩ ሲሠራ፣ ግንበኞቹ በቀን ሦስቴ ሻይዋን ይጠጡ ስለነበር መሰለኝ፣ ግንቡን እሷን ወደ ውስጥ አስገብተው አዞሩት። ያኔ ሁላችንም «ታድላ፣ ጥበቃ አገኘች» ብለን ቀንተንባት ነበር። አሁን ግን አጥር ውስጥ ያለ ጭስ ሁሉ የስታዲየሙ ጭስ ስለሆነ፣ የፊታችን ቅዳሜ «ከጭስ ነፃ» የሚለውን የምስክር ወረቀት የሚሰጡት እንግዶች ለምሽቱ ጨዋታ ከመምጣታቸው በፊት ምድጃዋን ይዛ እንድትነሣ ተነግሯታል። እሷም ወሬውን ስትነግረን አላለቀሰችም። «አጥሩ እኮ ነው እኔ ጋ የመጣው፣ እኔ መቼ ሄድኩበት?» ብላ ብቻ ሳምቡሳዋን ገለበጠች።

ክቡርነትዎ፣ ይህን ያህል ትልቅ ስታዲየም በአንዲት የከሰል ምድጃ ብቻ ከፍጹምነት መጉደሉ እኛንም እንደ እርስዎ እንቅልፍ ስለነሳን፣ ሌላ የተረሳ ጭስ ካለ ብለን ለእነዚሁ እንግዶች ያዘጋጁትን ሪፖርት ቁጭ ብለን አነበብን። ቀጥሎ ያለውም የወቀሳ ሳይሆን የምስጋና ዝርዝር ስለሆነ ፊትዎን ሳያጠቁሩ እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጄኔሬተሩ አመሰግናለሁ። ሪፖርትዎ «ስታዲየሙ ሙሉ በሙሉ ከውኃ በሚመነጭ ንጹህ ኤሌክትሪክ ይሠራል» ይላል። እውነት ነው፣ መብራት ሲኖር። መብራት በሌለበት ምሽት ግን ፓውዛዎቹን የሚያበራቸው ያ የመኪና ጋራዥ የሚያክል የናፍጣ ጄኔሬተር መሆኑን ክቡርነትዎም እኛም የሰፈሩ ድመቶችም እናውቃለን። ጄኔሬተሩ ቀድሞ የተጫዋቾች ልብስ መቀየሪያ ጀርባ ነበር የሚቀመጠው። ጭሱ እንዲቆጠር ሲጠየቁ ነው እንግዲህ የክቡርነትዎ ብልህነት የታየው። ሌላ ሰው ቢሆን ጄኔሬተሩን በትንሽ ይቀይር ነበር፤ ወይም የምሽቱን ጨዋታ ወደ ቀን ያዞር፣ አለዚያም «ይህን ያህል ናፍጣ አቃጥለናል» ብሎ በሐቅ ይጽፍ ነበር። እርስዎ ግን ክሬን አስመጡ።

ጄኔሬተሩ በክሬን ተንጠልጥሎ፣ አጥሩን ዘሎ፣ በእኛ ግቢ በጋራ ማድቤታችን በኮሙናሉና በልብስ ማስጫችን መካከል አረፈ። በአንድ ጠዋት የስታዲየሙ ጭስ ዜሮ ሆነ። እርግጥ ነው ወፍራም ሽቦዎቹ አጥሩን ተመልሰው ዘለው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ሽቦ ግን እንደሚመስለኝ በካርቦን ሒሳብ አያስጠይቅም። የሚያስጠይቀው ጭስ ነው፤ ጭሱ ደግሞ እኛ ቤት ነው ያለው።

ሁለተኛ፣ ስለ እልልታችን። ይህን ስጽፍ የጎረቤቶቼን ገመና ስለማወጣ ይቅር ይበሉኝ። ያ ጄኔሬተር በሰማይ ተንሳፍፎ ወደ ግቢያችን ሲመጣ መብራት ከጠፋብን ሰነባብቶ ነበር፤ እኛም ሁላችን በረንዳ ላይ ወጥተን ነበር። ምን እንዳሰብን ይገመቱ። የመጀመሪያዋን እልልታ ያሰማችው እንዳለች የምትባለው ጎረቤቴ ናት። «አስታወሱን! በስተመጨረሻ አስታወሱን!» እያለች ደረጃውን በነጠላ ጫማ ወረደች። ሀሚዳ ለክሬኑ ሠራተኞች በራድ ሙሉ ሻይ ይዛ መጥታ ሳንቲም አልቀበልም አለች። የሕንፃችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ጋሼ ፈቃደ ደግሞ፣ ሰው ተሰብስቦ ካዩ ንግግር ሳያደርጉ መቆም የማይችሉ ጡረተኛ ናቸውና፣ ካፖርታቸውን ደርበው ወጥተው «የግቢያችን ነዋሪ ይህን ታላቅ ስጦታ በታላቅ ደስታ ተረክቧል» ብለው ጄኔሬተሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። አጨበጨብን። የጽሕፈት ቤትዎ ፎቶ አንሺ ሲያነሣንም ለማስታወሻ መስሎን ነበር፤ እንዲያውም እንዳለች «ዓይኔን ጨፍኜብሃለሁ፣ ድገመኝ» ብላው ነበር።

አልደገማትም። ፎቶው ዓይኗን እንደጨፈነች በሪፖርትዎ ውስጥ ወጥቷል፤ ከሥሩም «ኅብረተሰቡ የራሱን ጄኔሬተር ሲረከብ» የሚል ተጽፎበታል። በዚያው ምሽት አምፖላችን ላይ አፍጥጠን ስንጠብቅ፣ ስታዲየምዎ እንደ ሠርግ ቤት ቦግ አለ፣ ደረጃችን ጨለማ እንደሆነ ቀረ፣ በመስኮታችንም የመጀመሪያው ጭስ ገባ። ጋሼ ፈቃደ ከዚያ ቀን ወዲህ ለብዙ ጊዜ ንግግር አላደረጉም። ክቡርነትዎ ለግቢያችን ካበረከቱት ነገር ሁሉ ያለ ምንም ምፀት የማመሰግንዎ ለዚህ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ምክርዎ። ጄኔሬተሩ የእኛ ከሆነ ጭሱም የእኛ ነውና፣ ጽሕፈት ቤትዎ የኮንዶሚኒየማችን የጭስ ልቀት በድንገት ማሻቀቡን ገልጾ፣ ከልብ የተጨነቀ የሚመስል ምክር ልኮልናል። ለሠርግና ለተዝካር በኮሙናሉ የምናነደውን ማገዶ እንድንቀንስ፣ ልብሳችንንም በካውያ ከመተኮስ ይልቅ ንጹህ አየር ላይ እንድናሰጣ ይመክረናል። እኔ ምክር የምሰማ ሰው ስለሆንኩ ነጠላዬን አሰጣሁ። ውጤቱን ከላይ ለአንባቢዎቼ ስለነገርኳቸው እዚህ አልደግመውም።

አራተኛ፣ ስለ እግረኞቹ። የስታዲየሙ ደጋፊዎች በምን እንደሚመጡ ለማወቅ በየበሩ ቆጣሪዎች አቁመው፣ ከተቆጠረው ሰው ሁሉ በመኪና የመጣ አንድም እንደሌለ ደርሰውበታል። ክቡርነትዎ፣ ይህ ጥናት ስሕተት የለበትም። በጨዋታ ቀን መንገዱ ስለሚዘጋ ሰው ሁሉ ሜክሲኮ አካባቢ ከሚኒባስ፣ ከሃይገሩ፣ ከቅጥቅጡና ከአይሱዙ ጀርባ ላይ ይወርድና በበሩ የሚገባው በእግሩ ነው፤ ቅጥቅጥ እየነዳ በትኬት መቁረጫው የገባ ደጋፊ እስካሁን አልታየም። ሆኖም ባለፈው ጊዜ ከሐዋሳ የመጡት ደጋፊዎች «በእግር» ተብለው መመዝገባቸው ትንሽ አሳፍሮናል። በእኛ አገር ያን ያህል መንገድ በእግሩ የመጣ እንግዳ ሲገባ ሳፋና ለብ ያለ ውኃ ቀርቦለት እግሩ ይታጠባል። እርስዎ ግን ትኬታቸውን ብቻ ቀደው አስገቧቸው። ለወደፊቱ አስቀድመው ቢያሳውቁን እኛ ጎረቤቶች ሳፋ አናጣም።

አምስተኛ፣ ስለ ሣሩና ስለ ችግኟ። የተፈጥሮውን ሣር አንሥተው ያነጠፉት የላስቲክ ሣር በዓመት ብዙ ካርቦን ከአየር እንደሚመጥ በሪፖርቱ ተቆጥሯል። እንዳለች ይህን ሳነብላት ሮጣ ገብታ ቴሌቪዥኗ ላይ ያስቀመጠችውን የላስቲክ አበባ አቧራውን እያራገፈች ተመልሳ «የኔስ ምን ያህል ይመጥጣል? አደራሽን ጠይቂልኝ፤ እኔ ምስኪኗ ለስንት ዓመት በነፃ ሳስመጥጥ ኖሬያለሁ» ብላኛለች፤ መልስዎን ትጠብቃለች። ከበሩ በስተግራ ያለችው ግራቪሊያ ችግኝ ደግሞ፣ የክብር እንግዳ በመጣ ቁጥር ከጉድጓዷ ወጥታ፣ አዲስ ጉድጓድ ተምሶላት፣ አዲስ እንግዳ ተክሏት፣ በየጊዜው እንደ አዲስ ዛፍ እየተቆጠረች ትኖራለች። በሪፖርቱ ላይ ደን ሆናለች። ሥር ልትሰድ ስትል በምትነቀልበት በዚህ ሁኔታ ይህችን ያህል መቆየቷ ጽናቷን ያሳያል እንጂ፣ ጥላዋ ሥር አንድ ዶሮ እንኳ አይቀመጥም።

ስድስተኛውን ትቼዋለሁ። እንዳለች «ይሄንን እንኳ አትጻፊው፣ ሰውየውም ቤተሰብ አለው» አለችኝ። ክቡርነትዎ የትኛው እንደሆነ ይገባዎታል።

ሰባተኛ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ምድጃው። እዚህ ላይ መቀለድ ትንሽ ያቅተኛል፤ ቢሆንም እሞክራለሁ። ባለፈው ሰኞ ከጽሕፈት ቤትዎ የተላከ ሰው ለሀሚዳ አዲስ የኤሌክትሪክ ምድጃ አምጥቶ «ከሰሉን ተይና በዚህ አፍዪ፤ ያን ጊዜ ማንም አያነሣሽም» አላት። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም ደስ አለን፤ እሷም የከሰሏን አመድ ደፍታ፣ ምድጃዋን ጠርጋ አስቀመጠች። ግን ያን ቀን መብራት አልነበረም። ስለዚህ የሀሚዳን አንድ በራድ ሻይ ለማፍላት ጄኔሬተሩ በጠዋት ተነሣ። ክቡርነትዎ፣ አንድ ስታዲየም የሚያበራ ሞተር ሻይ ሲያፈላ አይተው ያውቃሉ? ግቢው ተናወጠ። ጭሱ እየተጥመለመለ ፎቅ ለፎቅ ወጣ። በጨዋታ ምሽት ብቻ የምናሳልው ሰዎች በቁርስ ሰዓት ማሳል ጀመርን። ሻዩ ሲፈላ ደግሞ ከጭስ ነፃ ሻይ ተባለ፤ የጽሕፈት ቤትዎ ሰውም የመጀመሪያውን ብርጭቆ ይዞ ፎቶ ተነሣ።

ሀሚዳ ሻዩን ቀድታ ስትጨርስ ወደ ግቢያችን ገባ ብላ ጭሱን፣ ከጭሱም ውስጥ የራሷን መስኮት አየች። ተመልሳ ሽቦውን ነቀለች፣ ምድጃውንም በካርቶኑ መልሳ ለሰውየው አስረከበችው። «በእኔ ሻይ ምክንያት የሰው ቤት ጭስ አይገባም። የኔ ከሰል ቢያንስ የት እንዳለ ይታያል» አለችው። እሱም «እንግዲያው ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ትነሻለሽ» ብሎ ካርቶኑን ተሸክሞ ሄደ።

ክቡርነትዎ፣ ከሰል ጭስ የለውም አልልም። አለው። ሀሚዳም አለው ትላለች፤ ዓይኗን በመቀነቷ ጫፍ እየጠረገች ነው የምታፈላው። የተሻለ ነገር ሲመጣ ቀድማ የምትቀበለው እሷ ናት፤ ሰኞ ዕለት አይተነዋል። እኛ አረንጓዴ ስታዲየም አንጠላም፤ ልጆቻችን የሚጫወቱት እዚያ ነው፤ የሚተነፍሱትም እኛው ያለንበትን አየር ነው። «ይህን ያህል ናፍጣ እናቃጥላለን፣ ደጋፊዎቻችን ይህን ያህል መኪና ይዘው ይመጣሉ፣ ሣራችን ላስቲክ ነው፣ ዛፋችንም አንድ ነው፤ ከዚህ ተነሥተን እንቀንሳለን» የሚል ስታዲየም ቢመጣ፣ ይመኑኝ፣ ጋሼ ፈቃደ እንደገና ካፖርታቸውን ደርበው ንግግር ያደርጉ ነበር፤ እኛም ተቀምጠን እስከ መጨረሻው እንሰማቸው ነበር። ያለውን ጭስ የጻፈ ሰው ነገ ሊቀንሰው ይችላል። በክሬን ያሻገረ ሰው ግን ምኑን ይቀንሳል? በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ክሬን ይከራያል እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ትናንት ከሰዓት በኋላ የግቢያችን ነዋሪዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ጄኔሬተሩ ባልተነሣበት ሰዓት ግቢው ውስጥ ተሰብስበን ነበር። አጀንዳው የሀሚዳ መነሣት ነበር። እንለምን ያለ ነበር፤ እንጩህ ያለም ነበር። ያን ጊዜ ይህን ሁሉ ጊዜ ንግግር ሳያደርጉ የከረሙት ጋሼ ፈቃደ ተነሥተው፣ ሪፖርትዎን ፎቶው ባለበት ገልጠው «እዚህ ላይ የተረከብኩት እኔ ነኝ፤ ስሜ ባይጻፍም ካፖርቴ ይመሰክራል» አሉ። «ኃላፊው ራሳቸው የእናንተ ነው ብለዋል። የተረከበ ሰው ደግሞ ቁልፍ ይይዛል።» እንዳለች ትናንት ያሰማችው እልልታ ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር፤ በዚህኛው ዓይኗን አልጨፈነችም።

በዚህም መሠረት ጄኔሬተሩ በሙሉ ድምፅ የእድራችን ንብረት ሆኗል። ከድንኳኑ፣ ከአግዳሚ ወንበሮቹና ከብረት ድስቶቹ ቀጥሎ ተመዝግቧል፤ ዙሪያውን ያጠሩበት ፍርግርግም ተቆልፎ ቁልፉ በጋሼ ፈቃደ ኪስ ይገኛል። የእድራችን ደንብ ደግሞ ቀላል ነው። ድስት የተዋሰ ሰው ለምን እንደተዋሰ ይናገራል፤ ሲጨርስ ጥቀርሻውን ራሱ አጥቦ ይመልሳል። ጄኔሬተርም እንደዚያው ነው፤ የተዋሰው ሰው ጭሱን በራሱ ስም ያስመዘግባል። ስለዚህ ክቡርነትዎ ከሁለት አንዱን ሊመርጡ ይችላሉ። ጄኔሬተሩ የስታዲየሙ ነው ካሉ፣ ከእንግዶቹ ፊት ከነጭሱ ይቁጠሩት፤ ያን ጊዜ የሀሚዳ ምድጃ ብቸኛው ምድጃ መሆኑ ይቀርና የምትነሣበት ምክንያት አይኖርም። የእኛ ነው ካሉም ደስ ይለናል፤ ይዋሱን። ኪራይ አንጠይቅም፤ ሀሚዳ ከቦታዋ እንዳትነሣ ብቻ ነው የምንለው። ሁለቱንም ካልመረጡ ጄኔሬተራችን ቅዳሜ ማታ ያርፋል፤ መብራት ከጠፋም እንግዶቹ ከጭስ ብቻ ሳይሆን ከብርሃንም ነፃ የሆነ ስታዲየም ያያሉ።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ አየሩንም ስለወሰዱብኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ወንበርዎን ያጽናልኝ፣ መስኮትዎንም ሁልጊዜ ወደ ንጹሁ አየር የተከፈተ ያድርግልኝ እያልኩ፣

ሁልጊዜም አክባሪዎ፣ ሁልጊዜም ጎረቤትዎ፣ በሪፖርትዎ መሠረትም የናፍጣ ጄኔሬተር ባለድርሻ የሆንኩት

ሰብለወንጌል
ከልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከአጥሩ ወዲህ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልፈርምበት፣ ዛሬ ጠዋት ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ትሑት ሰው መጥቶ ጋሼ ፈቃደን «ለቅዳሜ ምሽት ጄኔሬተራችሁን ብታውሱን» ሲል ጠይቋቸዋል። «ጄኔሬተራችሁን» ማለቱን አራት ሰው ሰምቷል። ጋሼ ፈቃደም በአክብሮት ወንበር ሰጥተው አስረድተውታል፤ የእድራችን አባል ያልሆነ ሰው ዕቃ የሚዋሰው ራሱ ቀርቦ፣ አባል የሆነ ዋስ ሲጠራ ብቻ ነው። ሰውየው ከአጥርዎ ውስጥ የእድራችን አባል ማን እንዳለ ሲጠይቅ፣ ከሀሚዳ በቀር ማንም እንደሌለ ተነግሮታል። እሷም ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ከአጥሩ ከወጣች የስታዲየሙ ዋስ አብራ ትወጣለች። ሀሚዳን ዋስ ትሆኚላቸዋለሽ ወይ ብዬ ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ «የማላውቀውን ሰው እንዴት አድርጌ ነው ዋስ የምሆነው? ይምጣና እዚህ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣ፤ ፊቱን ልየው።» ከነገ ጀምሮ እኔ ከጎኗ ባለው በርጩማ ላይ ነኝ። ክቡርነትዎ መጥተው ዋስ ለመኑ ወይስ አልለመኑ፣ እሷስ ምን መለሰችልዎ፣ ቅዳሜ ማታስ ፓውዛው በራ ወይስ አልበራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እሑድ ጠዋት ሀሚዳ ከሰሏን የት ቦታ እንደምታራግብ፣ ለአንባቢዎቼ አንድም ሳልጨምርና አንድም ሳልቀንስ እዚሁ ገጽ ላይ እጽፋለሁ። በወረቀት ላይ መቀነስ የሚያውቁት እርስዎ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ስለዚህ አይስጉ።